ሐምሌ ላይ የሸኘነው፣ ሚያዝያ ላይ የፈለግነው ውሃ

እንደምን አደራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ድምፅ ማጉያው እንደ አምናው ነው፣ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል።

የሒሳቡን ሪፖርት ሒሳብ ያዣችን በኋላ ታነብላችኋለች። እኔ እንደ ማኅበሩ ሊቀመንበር የማወራው ስለ ሁለት ነገር ነው፦ የማሳችንን ትርፍ ውሃ ስለሚያወጣውና ስለተደፈነው ፈሰስ፣ እንዲሁም ስለ ውሃ ጉድጓዱ። በጉድጓዱ እንደምታሙኝ ሰምቻለሁ። እውነታችሁን ነው፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ መሬታችንን ላንሳ። እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ተወልዶ ጥቁሩን አፈራችንን፣ ወልካን፣ የማያውቅ የለም። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሲረጥብ ማስቲሽ ነው፣ ጫማ ይዞ ይቀራል። የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣል፤ ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ውሃ መግቢያ ስለሌለው ላዩ ላይ ይተኛል። የስንዴው ሥር አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። እኛ ደግሞ ማዳበሪያ አነሰው እያልን ሌላ ዩሪያ እንበደራለን። የታፈነ ሥር ዩሪያ ምን ያደርግለታል?

እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ አገር ክረምቱ እስኪጋመስ ጠብቆ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይዘራል፤ ወይም ጓያ ይዘራና ይገላገላል። ጓያ የተኛ ውሃም ድርቅም ይችላል። ግን ወር ከወር እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

የእኛ የኢነዋሪ እናቶች ግን ቁጭ ብለው ነሐሴን አልጠበቁም። ዘሩ ከወደቀ በኋላ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ከቦዩ እያፈሱ መደቡ ላይ ይከምሩ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። ከርቀት ሲታይ ማሳው ሹሩባ የተሠራ ይመስላል። ከቅርብ ግን ወገብ ነው የሚቆርጠው፣ ጥፍር ሥር የገባው ወልካም እስከ መስቀል አይለቅም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የአሁኑ ኢልሪ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠራ፣ ቢቢኤም የምንለውን። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። በኋላ ደግሞ አይባር የሚባለው ሌላ መደብ ማውጫ መጣ። ጥሩ ነገር ነው፣ የእናቶቻችንን ወገብ አሳርፏል።

ግን ማሽኑ የማያደርገው አንድ ነገር አለ። ውሃውን ከማሳህ ያወጣልሃል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አይጨነቅም። የአንዱ ቦይ መጨረሻ የሌላው ማሳ መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ነው አያቶቻችን ከእኛ የበለጡት።

ካቻምና ሐምሌ አንድ አዛውንት አባታችንን ይዘን ዝናብ እየዘነበ ወጣን። በዝናብ መውጣቱ የሳቸው ሐሳብ ነው። «በበጋ የምታሳዩኝ መሬት ነው፣ በክረምት የማሳያችሁ ውሃ ነው» አሉን። ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው፣ በትራቸውን እየተከሉ፣ ከላይኛው ጎጥ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰዱን። ውሃው የት እንደሚያቅማማ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት ድንበር ሰብሮ እንደሚሄድ አየን። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና በትራቸውን ወጋ አደረጉ፤ ቀጭ አለ። ሰርዶውን ገልጠን አንድ ክንድ ያህል ስንቆፍር በድንጋይ የተነጠፈ የፈሰስ አፍ አገኘን። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ አፋፉን እንዳይበላ ደረጃ ደረጃ አድርገው ነው የነጠፉት። መሐንዲስ አልነበራቸውም፣ ወይም ሁሉም መሐንዲስ ነበሩ።

ማን ደፈነው? ጎርፍ ያመጣው ደለል አለበት። የቀረውን ግን እኛ ነን። በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እየጨመርን ፈሰሱን አረስነው። በእኔ በኩል አራት ትልም ወስጃለሁ፣ በገመድ ለካሁት። ከእኔ በታች ያለው ጎረቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ስንዴው ቢጫ ሲሆን የዘር ችግር ነው እያልኩ ስመክረው ነበር። እዚሁ ተቀምጧል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ በሰው ፊት ደግሞ ዛሬ እጠይቀዋለሁ። አራቱን ትልም መልሻለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይመልስ ሌላው መልስ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ላውራ። አንድ ዓመት በዘመቻ መጡና ወልካው ላይ አግድም ድፍን እርከን አሠሩን። ሜትሩ ተቆጠረ፣ ሪፖርቱ ሄደ። ክረምት ሲገባ እርከኑ ውሃውን አቅፎ ተቀመጠ፣ ከኋላው ያለው ስንዴ በሰበሰ። እርከን መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቦታው አይደለም እንጂ። ላይኛው ተረተር ላይ፣ ቀይና ድንጋያማው አፈር ላይ ውሃ ይሰርጋል፤ እዚያ እርከኑንም የውሃ ማስረጊያ ጉድጓዱንም ሥሩ፣ ያዙት፣ አስጠጡት። ታች ወልካው ላይ አንዴ ካበጠ አይሰርግም፤ እዚያ ሸኙት። ሐምሌ ላይ የሚያሰጥመን ውሃና ሚያዝያ ላይ እንስራ ተሸክመን የምንፈልገው ውሃ አንድ ውሃ ነው። ላይ ሳንይዘው ስለምንለቀው ታች ያሰጥመናል፣ በጋ ላይ ደግሞ ምንጩ ይከሳል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለመንገድ ይቀርባል አልኩ። (ለቤቴም ይቀርባል፣ ያላችሁ አላችሁ።) ጥቅምት ላይ ቆፈርን፣ 6 ሜትር ላይ ውሃ ወጣ፣ እልል ተባለ፣ በግ ታረደ። የካቲት ላይ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። ያገኘነው የክረምቱን ትራፊ ነበር፣ እንደ ሰነፍ እንግዳ ቆይቶ ሄደ። የእጅ ጉድጓድ የሚቆፈረው ውሃ ከመሬት ሥር እጅግ ሲርቅ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ። ያኔ ያገኘኸው ውሃ ዓመቱን ይቆያል። ይህን ከመጀመሪያው የነገሩኝ ነበሩ፤ አልሰማሁም። ብሩ የእናንተ ነበር፣ ስሕተቱ የእኔ።

ደግነቱ አዛውንቱ ያን ቀን ሌላም ነገር አሳይተውናል። ከፈሰሱ በስተ ምሥራቅ፣ ጥቁሩ አፈር አልቆ ድንጋዩ በሚጀምርበት አፋፍ ሥር፣ ሾላው ያለበት ቦታ፣ በበጋም ቄጠማ አይጠፋም። ከብት ረግጦ አረንቋ ያደረገው ምንጭ ነው። ከላዩ ያለውን ባህር ዛፍ የተከልነው እኛ ነን፣ እሱ ደግሞ ሳይጠይቀን ይጠጣል። ባለፈው ሚያዝያ፣ እጅግ በሚከሳበት ጊዜ፣ ቧንቧ ቆርጠን ሰክተን በጀሪካን ለካነው። 20 ሊትሩ በስልኩ ሰዓት 80 ሴኮንድ ፈጀ፣ ሦስት ጊዜ ለክተን ሦስቴም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ይህ በሰዓት 900 ሊትር ነው፣ በቀን ከ21 ሺህ በላይ። በመንግሥት የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ ከ800 ሰው በላይ ያደርሳል፣ እኛ ደግሞ ያን ያህል አንሆንም። ግን ግማሹ ሌሊት ነው የሚፈሰው፣ ማንም ሳይቀዳው። ስለዚህ የሌሊቱን የሚያጠራቅም ጋን ያስፈልገናል።

ምንጩን ስንገነባ ግንበኛውን አንድ ነገር ለምኑልኝ። የውሃውን መውጫ ከምንጩ ዓይን ከፍ አድርጎ እንዳይሠራ። ምንጭ ኩሩ ነው፤ ወደ ላይ ከገፋኸው ይሸሽና በሌላ በኩል ይወጣል፣ አንተ ባዶ የሲሚንቶ ሣጥን ታቅፈህ ትቀራለህ። ከላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ይቆፈር፣ ዙሪያው ይታጠር፣ የማሳችን ፈሰስ ዩሪያና ፍግ ይዞ ወደዚያ እንዳይዞር። ሽንት ቤት ቢያንስ በ30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩ በላይ ደግሞ ጭራሽ አይቆፈር።

ስለ ሥራው። ወልካ አሁን ጥር ላይ ዶማ ይሰብራል። የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ሲለሰልሰው፣ ሳይላቁጥ፣ ቀን ቆርጠን እንወጣለን። ፈሰሱ በ100 ሜትር ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል፣ በክርና በውሃ ልክ እየተለካ። ከዚያ ከበለጠ ቦረቦር ነው የምንቆፍረው። ሆዱ ላይ ያለውን ሰርዶ አትንቀሉ፣ አፋፉ ላይ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱ። ባህር ዛፉን በተመለከተ ባለቤቶቹን በግል አነጋግሬያለሁ፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዱ ልጁን እስኪድር ጊዜ ስጡኝ ብሏል። እንስጠው።

የምንጩን ወረፋ የሚይዝ የውሃ አባት መመረጥ አለበት። እኔ ግን ዘንድሮ የውሃ እናት ትሁን ባይ ነኝ። እንስራ ተሸክመን የምናውቅ ወንዶች እጃችንን እናውጣ ብንባል ስንት እጅ ይወጣል? ተዉት፣ አታውጡ፣ አያስፈልግም።

አሁን ሒሳብ ያዣችን ትቀጥል። የበጉም ወጪ እዚያው ውስጥ አለ፣ በእኔ ስም ይመዝገብ ብያለሁ።