«ፕሮጀክት ነኝ» ያለኝ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ቅዳሜ ማለዳ ጃንሜዳ የሰማሁት አንድ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሠላሳ ያህል ታዳጊዎች ይለማመዱ ነበር። አንዱን «የት ነው የምትጫወተው?» ብዬ ብጠይቀው «ፕሮጀክት ነኝ» አለኝ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቃሉ እንግዳ አይደለም። ለልጆቹ ፕሮጀክት ማለት ቡድናቸው ነው፣ ጎህ ሲቀድ የሚጠብቃቸው አሰልጣኝ ነው። ገንዘብ ለሚሰጠው አካል ግን ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ነው።

የዚህን ቡድን የድጋፍ ማመልከቻ ባለፈው ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብና የኦዲት ሪፖርት ተጠየቅን። ቡድኑ ያለው አንድ ከረጢት ኳስና አሰልጣኙ በእጁ የሚሞላው የስም መዝገብ ብቻ ነበር። በአንድ የተመዘገበ ማኅበር ጥላ ሥር ገብተን ገንዘቡን አገኘን። ማልያ ተገዛ፣ ኳስ ተገዛ፣ ባነር ተሰቀለ። የአሰልጣኙ አበል፣ ከልምምድ በኋላ የሚታደለው ዳቦና ሙዝ፣ ሠፈራቸው ለልማት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱት ልጆች የታክሲ ሒሳብ ግን «አስተዳደራዊ ወጪ» ተብሎ ተሰረዘ።

ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፤ ገደቡን እደግፋለሁ። ለልጆች የመጣ ገንዘብ በቢሮ ኪራይና በተሽከርካሪ ማለቅ የለበትም። ነገር ግን ልጆቹን ሜዳ ላይ የሚያሠለጥነው ሰው እንዴት ከቢሮ ወጪ ጋር ይደመራል? ሥራው ራሱ እሱ አይደለምን?

አሰልጣኙ በ2012 የሆነውን ነግሮኛል። በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረና ልጆቹ በሚሮጡበት ሣር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ተከመረ። ለወራት ሜዳ አልነበራቸውም። እሱ ግን በየቤታቸው እየዞረ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠይቃቸው ነበር፤ በየግቢያቸው ብቻቸውን የሚሠሩትን እንቅስቃሴም ይሰጣቸው ነበር። ሜዳው ሲመለስ ልጆቹም ተመለሱ። ያን ጊዜ ማልያ አልነበረም፣ ባነርም አልነበረም።

አሁን ዳቦውን የሚሸፍኑት እናቶች ናቸው፤ እንደ እድር በየወሩ ያዋጣሉ። ከእነሱ አብዛኞቹ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ናቸው።

ሰሞኑን አዲስ ማመልከቻ ይዣለሁ። የአሰልጣኙን አበል ከበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ከሥሩ የልጆቹ ታክሲ አለ። የድጋፉ ጊዜም ሦስት ዓመት እንዲሆን ጠይቄአለሁ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በአንድ በጀት ዓመት ተጫዋች አይሆንምና። የቀረን የሒሳብ መዝገባችንን በሥርዓት የሚይዝልን ሰው ነው። ከእናንተ መካከል የሒሳብ ባለሙያ ካለ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጃንሜዳ ነን።