ልብ ለሚሉት ሰው፦ በግቢያችን ዘበኛ ስንብት ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆች፣ የዛሬው ባለቀን ጋሼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጋሼ፣ ስሜን መድረክ ላይ አትጥራ ብለውኛልና ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ጋሼ ሲባል ማን እንደሆነ የሚጠፋው የለም።

ፕሮግራሙ ላይ «የአማርኛ መምህሩ አጭር ምስጋና ያቀርባል» ይላል። አቀርባለሁ። ግን ቅሬታም ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱንም ታግሳችሁ ትሰሙኛላችሁ።

በር ላይ ስንደርስ «ጥበቃ! ጥበቃ! ክፈት!» እንላለን። ጥበቃ የሥራው ስም ነው። ሰውየው ስም አለው። መምህርን «ትምህርት! ና እስቲ» ብሎ የሚጠራ ሰው አለ? ሐኪምን «ሕክምና!» የሚል አለ? ዘበኛ የሚለው ቃል ያዋርዳል ብለን ነው «ጥበቃ» ወደሚለው የመጣነው። ማን አዋረደው? አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ ወታደር ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው ማሞ ወልዴም ከዚያው ነው የወጣው። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተውጣጣውም ከክቡር ዘበኛ ነው። ክቡር የሚለው ቃልና ዘበኛ የሚለው ቃል በአንድ ዘመን አብረው ይጠሩ ነበር። ያለያየናቸው እኛ ነን!

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ታሪኩን በከፊል ታውቁታላችሁ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በምሳ ሰዓት ከጓደኞቿ ተለይታ ቧንቧው ጋ ትሄዳለች። ውኃ ትጠጣለች፤ ትቆያለች፤ ደወል ሲደወል ትገባለች። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ነው የምትመጣው። ማንም ቢያያት ምሳ ያላት ልጅ ናት። ጋሼ አንድ ቀን መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ሰው ፊት መናገር አልፈለጉም። ወደ ውጭ ስወጣ «መምህር፣ የዚያች ልጅ ምሳ ዕቃ ስትራመድ ይወዛወዛል። የሞላ ምሳ ዕቃ እንዲህ አይወዛወዝም» አሉኝ።

ባዶ ነበር። እናቷ ታማ ተኝታለች። ልጅቱ ሰው እንዳያውቅባት ባዶውን ተሸክማ ትመጣ ነበር።

ጋሼ ያደረጉትን ስሙ። በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ለማንም አላወሩም። ልጅቱን ጠርተው አልጠየቋትም። ባለቤታቸው በማግስቱ ምሳቸውን ጨመር አድርገው ቋጠሩላቸው። ጋሼም ልጅቱን ከቧንቧው ጋ ጠሯትና «ልጄ፣ ብቻዬን መብላት አይሆንልኝም፤ ነይ አብረን እንብላ» አሏት። እናቷ እስክትድን ድረስ አብረው በሉ። የጋሼን ደመወዝ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያን ዓመት መዝጊያ ላይ ሁላችንም በየተራ እየተጠራን የምስክር ወረቀት ስንቀበል ጋሼ ወንበር ያመላልሱ ነበር። የጠራቸው የለም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ቃል አላነሰውም። ልብ ማለት አለ። ማስተዋል አለ። ዐይን መጣል፣ ጆሮ መስጠት፣ መቃኘት አለ። የጦር ቃኚም የክራር ባለሙያም ይቃኛሉ፤ አንዱ በዐይኑ፣ አንዱ በጆሮው። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ በግእዝ «ንነጽር»፣ እናስተውል፣ ሲል ሕዝቡ ልቡን ይሰበስባል። መጠበቅ የሚለውን ተመልከቱ። ንብረትም ይጠበቃል፤ የዘገየች እናትም ትጠበቃለች። ጋሼ ሁለቱንም አንድ ላይ ሠርተውታል። ሲመሽ፣ ሁሉም ልጅ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ሕፃን ቀርቶ ከሆነ አጠገቡ ቆመው አብረውት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። «አደራ ልጄን» ያላችሁ ወላጆች አደራችሁ የት እንዳደረ አሁን ዕወቁ።

በነዚህ ቃላት ላይ ግን ብዙ ክፉ ነገር አልፏል። በደርግ ጊዜ ጠባቂ ሲባል አብዮት ጠባቂ ሆነ፤ ሌሊት በር የሚያንኳኳ፣ ቤት የሚፈትሽ። ማንቃትም የካድሬ ሥራ ሆነ፤ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችን ነቄ ይላሉ። ነቄ እንዳይሸወድ የተጠነቀቀ ሰው ነው። «ነቃሁብህ» ይባላል፤ «ተነቃቅተናል» ይባላል። ልጆች፣ አልቆጣችሁም፤ ቋንቋ ነው። ግን ንቃት ለራስ ብቻ ከሆነ፣ ሰውን መጠርጠር ብቻ ከሆነ፣ ያቺን ልጅ ማን ያያት ነበር? እሷ ማንንም አልሸወደችም። ርቧት ነበር!

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሩን ኤጀንሲ ይረከባል ተብሏል። ዘበኞቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። ካሜራም ይገጠማል። ካሜራውን አልቃወምም፤ አጥር የዘለለን ሰው ይይዛል። የተወዛወዘ ምሳ ዕቃ ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። በየወሩ የሚቀየር ዘበኛም አያውቅም፤ የልጆቹን ፊት ሳይለምድ ይሄዳል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ልብ ለማለት ዕድሜ ይፈልጋል፤ አንድን ልጅ በደስታውም በሐዘኑም ቀን ማየት ይፈልጋል። ርካሽ ስለሆነ ነው የሚለውን ሰምቻለሁ። ሌላ ምክንያት ካለ ይነገረን።

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርዎ። ለባለቤትዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ያ ምሳ የእሳቸውም ሥራ ነው።

ወላጆች፣ ቅዳሜ የወላጅና መምህራን ስብሰባ አለ። ቀጣዩ ዘበኛ በትምህርት ቤቱ በቋሚነት ይቀጠር፣ ደመወዙም ይስተካከል የሚል ጥያቄ ጽፌ አስገብቻለሁ። ፊርማ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ መውጫው በር ላይ፣ በጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው።