ምስኪን አትበሉን፦ ስለ ኖራ አውኖር የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ እህቶቼ። እንግዶቻችንም እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ስለ ተዋናይቷ፣ ስለ ፊሊፒኖዋ ኖራ አውኖር ትንሽ ተናገሪ ተብዬ ነው የቆምኩት። አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሰዓት የያዘችው ልጅ ቤሩት አብራኝ የነበረች ስለሆነች ትታገሠኛለች ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኖራ አውኖር በ1953 ኢሪጋ በምትባል ከተማ ተወለደች። ቢኮል በሚባለው የፊሊፒንስ ክፍል ነው። ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ እንጀራው ያነሰበት ቤት ነበር። ገና ልጅ ሆና ባቡር ጣቢያ ውሃ ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ቆሞ እስኪነሳ ለተሳፋሪ ውሃ ማቀበል ነው ሥራዋ። ድምፅ ግን ነበራት። በ1967 ትልቁን የዘፈን ውድድር አሸነፈች። ከዚያ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሸክላ፣ ፊልም፤ ማን ያስቁማት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዚያን ጊዜ ማኒላ ውስጥ የፊልም ኮከብ ማለት ነጣ ያለች፣ መለሎ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ የፈረንጅ ደም ያላት ሴት ነበረች። ኖራ አጭር ናት። ጠይም ናት። በመንገድ ብታልፍ የማንም ቤት ሠራተኛ ልትመስል ትችላለች። ቤት ሠራተኛዋ፣ ጉሊት ነጋዴዋ፣ ፋብሪካ የምትውለው ልጅ ታዲያ "ይቺ የእኛ ናት" አሉ። ደጋፊዎቿ ስም አላቸው፣ ኖራኒያን ይባላሉ። ቪልማ ሳንቶስ የምትባል ሌላ ትልቅ ተዋናይ አለች። የሁለቱ ደጋፊዎች እንደ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው። እስከ ዛሬ አልታረቁም።

እኔ ኖራን ያወቅኋት ቤሩት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ፣ ከጎረቤት ማዕድ ቤት ነው። የቤሩትን የጀርባ በረንዳ ለእናንተ አላስረዳም። የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ እኛም የምንተነፍስበት ቦታ ነው። ከእኛ በረንዳ ትይዩ አንዲት ፊሊፒኖ ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በደሞዝም እንደዚሁ። እሷ እሑድ አላት፤ እኔ እሑድ የለኝም። የሁለታችንም ዓረብኛ የማዕድ ቤት ዓረብኛ ነው፦ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ቶሎ በይ። በዚያችው ዓረብኛ ግን ስንት ነገር አወራን!

ስልኳን ስትከፍት የአንዲት ሴት ፎቶ ይታያል። እናቷ መስላኝ "እናትሽ ደህና ናቸው?" ብዬ እጠይቃታለሁ። "ደህና ናት" ትለኛለች። በኋላ ነው ስቃ ስቃ ኖራ መሆኗን የነገረችኝ።

አንድ የበጋ ማታ የእኔም የእሷም ቤተሰቦች ወደ ተራራ ወጥተዋል። በሩ ላዬ ላይ ተቆልፏል። ልጅቷ ስልኳን በፌስታል አደረገችና በመወልወያው እንጨት ጫፍ አንጠልጥላ አሻገረችልኝ። አራተኛ ፎቅ ነን እኮ! ስልኩ ቢወድቅ የሁለት ወር ደሞዟ ነው። "እይውና ነገ ትመልሽልኛለሽ" አለችኝ።

ስልኩ ላይ ያለው ፊልም "ቦና" ይባላል። ሊኖ ብሮካ ነው ያዘጋጀው፣ 1980። ኖራ የምትጫወታት ልጅ አንድ ተራ ተዋናይ ትወዳለች። ቤተሰቧን ጥላ እሱ ጎጆ ትገባለች፤ የገባችው ግን ገረድ ሆና ነው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ እሱ ሌላ ሴት ይዞ ሲገባ ዞር ትላለች። የመታጠቢያውን ውሃ እሳት ላይ ጥዳ ታሞቅለታለች። ቋንቋው አንድም ቃል አልገባኝም። ውሃ ማሞቁ ግን ገባኝ። እጇን ታዩታላችሁ። ያ ትወና አይደለም፣ ውሃ ያመላለሰ ሰው እጅ ነው። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር የለም። አታለቅስም፣ አትጮኽም፣ ዝም ብላ ታያለች። መጨረሻ ላይ የፈላውን ውሃ ደፋችበት።

እኔ ጨለማ ማዕድ ቤት ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። አትፍረዱብኝ።

በማግሥቱ ስልኩን ስመልስ ልጅቷ ሌላ ነገር ነገረችኝ። የፍሎር ኮንቴምፕላሲዮንን ታሪክ። የዛሬው ፊልማችን እሱ ነው።

ፍሎር ሲንጋፖር የምትሠራ ፊሊፒኖ ነበረች። የአራት ልጆች እናት። በ1991 አንዲት ሌላ ፊሊፒኖ ሠራተኛና የዚያችው ሠራተኛ አሠሪዎች ትንሽ ልጅ ሞተው ተገኙ። ፍሎር ተያዘች፤ ሞት ተፈረደባት። መጋቢት 17 ቀን 1995 ተሰቀለች። ገደለች አልገደለችም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሏታል፣ ፊልሙ ለእሷ ያደላል። እኔ ዳኛ አይደለሁም። አገሯ ምን አደረገች የሚለውን ነው ማውራት የምፈልገው።

አገሯ ነደደች። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። "ኤምባሲያችን የት ነበር?" አለ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሁሉን ነገር አልፈታም፤ ፊሊፒኖም እስከ ዛሬ ትደበደባለች፣ ደሞዟ ይቀራል። ግን አንዲት ቤት ሠራተኛ ሞታ ሚኒስትር ሲነሳ እናንተ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኪነ ጥበቡስ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ነው ነገሬ። አንድ ዓመት አልጠበቁም። በዚያው በ1995 ፊልሙ ወጣ፣ አዘጋጁ ጆኤል ላማንጋን ነው። ፍሎርን ማን ትጫወት ሲባል አዲስ ልጅ አልፈለጉም፣ ርካሽ ተዋናይ አላመጡም። የአገሪቱን ትልቋን ተዋናይ አመጡ። ኖራ ያኔ ስሟ ጣሪያ የነካ ሴት ናት። የገረድ ልብስ ለብሳ፣ ሳትኳኳል፣ እስር ቤት ገባች። ፊልሙ በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የፌስቲቫሉን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ኖራም ምርጥ ሴት ተዋናይ ተባለች። ካይሮ! የዓረብ ከተማ! በየፎቁ የጀርባ በረንዳ ላይ እኛን የመሰለች ሴት ልብስ በምታሰጣበት ከተማ፣ መድረክ ላይ ቤት ሠራተኛን የተጫወተች ሴት ተጨበጨበላት።

አሁን ከፊልም ሙያ ለመጣችሁት እንግዶቻችን ነው የምናገረው። አትቀየሙኝ፣ ወይም ተቀየሙኝ፣ እንደ ፈቃዳችሁ።

እኔ ባየኋቸው የእኛ ፊልሞች ውስጥ ከዓረብ አገር የምትመጣ ልጅ ሁለት ዓይነት ናት። ወይ ወርቅ አንጠልጥላ፣ ዓረብኛ እየቀላቀለች የምታስቅ ናት፤ ወይ አብዳ የምትመጣ ምስኪን ናት። መሀሉ የት ሄደ? ተንኮል የምታውቅ፣ ቀልድ የምታውቅ፣ ማዳሟን በልቧ የምትሰድብ፣ ለወንድሟ ትምህርት የምትከፍል፣ ሰው የምትወድ ሴት የለችም? እዚህ አዳራሽ ሞልታላችኋለች እኮ፤ ዞር ብላችሁ እዩ!

ከሳዑዲ በ2013 እና በ2014 ከመቶ ስድሳ ሺህ በላይ ሰው ተባርሮ ሲመጣ ካሜራ አልጠፋም። በ2020 ቤሩት ላይ ማዳሞች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱም ካሜራ አልጠፋም። እኔ ራሴ የተመለስኩ ቀን ጫማዬ ነጠላ ነበር፣ ፀጉሬ አልተበጠረም። ከአውሮፕላን ስወርድ አንድ ካሜራ ፊቴ ላይ ተደገነ። ስሜን የጠየቀኝ የለም። "ምን ተሰማሽ?" አለኝ። ማታ ቴሌቪዥን ላይ ከኋላ ዋሽንት እየተነፋ ወጣሁ። እናቴ አየችኝ። ሠፈሩ አየኝ። "ምስኪን" አሉኝ።

ምስኪን አይደለሁም። ሠራተኛ ነኝ። ሠርቼ ያልተከፈለኝ ሠራተኛ ነኝ። ምስኪን ብር ይመፀወታል፤ ሠራተኛ ግን ሒሳቡን ይጠይቃል!

ኖራ በሕይወቷ ሙሉ የሠራችው ይሄንን ነው ብዬ አምናለሁ። በ1976 በሠራችው አንድ ፊልም ነርስ ሆና አሜሪካ ልትሄድ ወረቀቷን የጨረሰች ልጅ ናት። ወንድሟን የአሜሪካ ጦር ሰፈር አጠገብ አንድ ወታደር ተኩሶ ገደለው። የዱር አሳማ መስሎኝ ነው ተባለ። ኖራ "ወንድሜ አሳማ አይደለም!" ብላ የጮኸችውን ፊሊፒኖ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እዘኑልን አላለችም። ሰው ነው አለች፤ ሌላ ምን ይባላል?

ሰዓት ያዥዋ እያየችኝ ነው። ቀሪውን ላሩጠው።

"ሂማላ" የሚለው የ1982 ፊልሟ በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሯል። ማርያምን አየሁ የምትል የመንደር ልጅ ትሆናለች። መጨረሻ ላይ በሺዎች ፊት ቆማ ተአምር የለም፣ ተአምሩ ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው ትላለች። የሲኤንኤን ተመልካቾች በ2008 ከእስያና ፓስፊክ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ብለው መርጠውታል። የ2012ቱን "ዳይ ዉምብ"ንም ፈልጋችሁ እዩ፤ ራሷ መውለድ ያቃታት አዋላጅ ሆና ለባሏ ሌላ ሚስት የምትፈልግበት ነው።

ሕይወቷ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2005 ሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ተያዘች። ከዓመታት በኋላ ጃፓን ውስጥ በተሠራላት የውበት ቀዶ ሕክምና የዘፈን ድምፅዋን አጣች። ውሃ ከመሸጥ ያወጣት ድምፅ ሄደ፣ እሷ ግን መሥራቷን ቀጠለች። በ2014 ብሔራዊ አርቲስት ትባል ብለው የባህል ተቋማቱ ስሟን አቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቱ በዚያው በዕፅ ጉዳይ ሰረዟት። ሕዝቡ ተቆጣ። በ2022 በሌላ ፕሬዚዳንት ተሰጣት። ስምንት ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ ይሁን። ሚያዝያ 2025 በ71 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው በጀግኖች መቃብር ነው፣ በወታደር አጀብ።

አሁን ስለ ፊልሙ። የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የማታነብ ብትኖር ከጎኗ ያለችው ቀስ ብላ ትንገራት። የፍሎር ልጆች ሊሰናበቷት የሚመጡበት ቦታ ላይ ከባድ ይሆናል፤ ያልቻለች ትውጣ፣ ማንም ለምን ወጣሽ አይላትም፣ ውጭ ቡና ተፈልቷል። የምታለቅስ ብትኖርም አንድም ሰው ስልክ አውጥቶ እንዳይቀርፃት። አመሰግናለሁ።