የሬዲዮ ክበብ የሚቆመው በስብሰባው ነው

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ ሚያዝያ 10 ቀን በመላው ዓለም የአማተር ሬዲዮ ቀን ሆኖ ይከበራል። አማተር ሬዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩና ለትምህርቱ፣ በፈቃድ፣ በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ነው። ዕለቱ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1925 በዚሁ ቀን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የሬዲዮ አፍቃሪዎች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ስለ መሠረቱ ነው። ስለዚያ ስብሰባ ባሰብሁ ቁጥር የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1923፣ ፈረንሳዊው ሌዮን ዴሎይ ከኒስ፣ አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል ደግሞ ከኮኔቲከት ሆነው፣ በ100 ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት አትላንቲክን አቋርጠው በሞርስ ኮድ ተነጋግረዋል። ውቅያኖስ ሳያግዳቸው መነጋገር የቻሉት ሰዎች ግን በዚህ ብቻ ረክተው አልቀሩም። የአሜሪካኖቹ መሪ ሂራም ፐርሲ ማክሲም በመርከብ ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ ድረስ ሄደ፤ በዚያው ጉባኤም የኅብረቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በሞገድ መነጋገር የሚችሉ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት መቀመጥ ለምን አስፈለጋቸው? ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወርኃዊው ስብሰባ ይቁምና፣ ማስታወቂያውም ሆነ ውይይቱ በቴሌግራም ብቻ ይካሄድ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባሎቻችን ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች ከክፋት እንዳልተነሡ አውቃለሁ፤ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት አድካሚ ነው፣ ተማሪው ፈተና አለበት፣ ሠራተኛው ከሥራ የሚወጣው አምሽቶ ነው። መልእክት ለማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራም በእርግጥ ይበቃን ነበር። ይሁን እንጂ ክበባችን የሚሰጠው ዋናው ነገር መልእክት ስላልሆነ፣ ስብሰባው ከቀረ ክበቡም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙ ብቻ እንደሚቀር በጽኑ አምናለሁ።

በብዙ አገሮች አንድ ሰው ፈተናውን አልፎ የግል ፈቃዱን ካወጣና መሣሪያውን ከገዛ በኋላ ክበብ ሳይረግጥ ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ ሊሠራ ይችላል። የእኛ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በአገራችን አብዛኛው ሰው ወደ አየር የወጣው በክበብ ጣቢያ በኩል ነው፤ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው፣ ኢኮ ታንጎ 3 አልፋ አልፋ (ET3AA) በሚል የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የጣቢያ መለያ፣ በዓለም የሚታወቀው ጣቢያ ለዚህ ቀዳሚው ምስክር ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማሠራጨት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ወጣት የክበቡ ክፍል የመማሪያ ክፍሉም፣ ቤተ ሙከራውም፣ ማይክሮፎኑም ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚማር ልብ ብለን እንመልከት። ኢትዮጵያ በሞገድ ላይ እምብዛም የማትሰማ አገር በመሆኗ፣ በኢቲ የሚጀምር የጥሪ ምልክት አጭር ሞገድ ላይ በተሰማ ቁጥር ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ መቶዎች በአንድ ጊዜ ይጣራሉ። ኦፕሬተሮች ፓይል አፕ የሚሉትን ይህን ጩኸት በሥርዓት ማስተናገድ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ያዳምጣል፣ ይመልሳልም፤ ሁለተኛው ይመዘግባል፤ ሦስተኛው የአንቴናውን አቅጣጫና የባትሪውን አቅም ይከታተላል፤ ደክሞት የተነሣውን ተራ የሚጠብቀው ይተካዋል። ጠሪዎቹ እኛ ከምናሠራጭበት ድግግሞሽ ጥቂት ኪሎ ኸርትዝ ከፍ ብለው እንዲጣሩ ማድረግ፣ ከተሰማው የጥሪ ምልክት ሁለት ፊደል ብቻ ይዞ ያንኑ ሰው እስከ መጨረሻው መከታተል፣ ሌሎቹ በላዩ ሲጮኹም ድምፅን ሳያሰሙ መጠበቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከጎን ተቀምጦ በማየት የሚለመዱ ናቸው።

መዝገቡም የራሱ ትምህርት አለው። ዓለም የሚመዘግበው ከአገራችን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረውና ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ የምንኖረው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተደረገ ግንኙነት በመዝገቡ 06፡00 ተብሎ ይጻፋል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ የተደረገው ደግሞ 18፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግን መዝገቡ ገና በትናንትናው ቀን 22፡00 ላይ ነው። አዲስ ገቢ ይህን ሕግ በወረቀት ላይ ሲያነበው ቀላል ይመስለዋል፤ በሌሊት፣ ጠሪው በበዛበት ሰዓት ሲጽፈው ግን ነባር አባል አጠገቡ ቢኖር የሚታረመው ወዲያው ነው፤ ባይኖር ስሕተቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ የመገናኛ ማረጋገጫ ካርድ ሲመጣና ቀኑ አልገጥም ሲል ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማከብረው ግን ጆሮን ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲመዘግብ የኖረበት አንዱ ምክንያት ሥፍራው ለወገቡ መቅረቡ ነው። አጭር ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አንሥቶ ወደ ላይ የተዘረጋው አዮኖስፌር በዚህ አካባቢ እንደ ሌላው ቦታ አይደለም። በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንዲሁም በመስከረምና በጥቅምት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው ንብርብር ይበጣጠሳል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣልም። ጀማሪ ይህን ሲሰማ መሣሪያው የተበላሸ፣ ወይም የአንቴናው ኮአክሲያል ገመድ የላላ ይመስለዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ነባር አባል ግን «ተወው፣ ሰማዩ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ይረጋል» ይለዋል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በትክክለኛው ቅጽበት፣ ድምፁ እየተሰማ ስትነገር የምታስተምረውን ያህል፣ በማግስቱ በቴሌግራም ተጽፋ አታስተምርም። በዓለም ላይ ይህን ክስተት ለመስማት የታደሉ ክበቦች ጥቂት ናቸው፤ እኛ ከእነዚያ አንዱ ነን።

አሁን ከስብሰባው በኋላ ወደሚመጣው ክፍል ልለፍ፤ ብዙዎች ትርፍ ጊዜ ነው ብለው የሚያስቡት፣ እኔ ግን የክበቡ እምብርት ነው የምለው እርሱን ነው። ቡናው ሲፈላ የሚደረገው ጨዋታ አጀንዳ የለውም፤ ነገር ግን በስብሰባው ላይ እጅዋን ለማውጣት ያፈረችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥያቄዋን የምትጠይቀው በዚያ ሰዓት ነው። ከቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ በጡረታ የተገለለው አባታችንም ስለ አሮጌ ማሠራጫ የሚያውቀውን የሚያወራው ሲኒ ይዞ እንጂ መድረክ ላይ ቆሞ አይደለም። ስለዚህ ስብሰባው ሲያልቅ በሩ ተዘግቶ ሁሉም ወደየታክሲው እንዳይበተን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለቡናና ለጨዋታ እንዲተው እጠይቃለሁ። ቡናውንም ሁልጊዜ እኅቶቻችን እንዲያፈሉ መተው አይገባም። ሴት ተማሪዎች ወደ ክበባችን የሚመጡት ማይክሮፎኑን ለመያዝና ብየዳውን ለመማር ነውና፣ ተራው ሁላችንንም ይዳረስ።

ከዚህ ጋር አያይዤ የካርድ ምሽት እንዲኖረን ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ ግንኙነትን በኮምፒውተር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሆኖም ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካርድ በእጃቸው ለመያዝ ለዓመታት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን መዝገቡን እያነበብን ካርዱን በእጃችን ብንጽፍ፣ ለእነዚያ ሰዎች የሚገባቸውን ከመስጠታችን ሌላ፣ አዲስ አባላት መዝገብ ማንበብን፣ የአገሮችን የጥሪ ምልክትና የዓለምን መልክዓ ምድር አብረው ይማራሉ።

የመስክ ውሎውም ሊታሰብበት ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጀመረና በየዓመቱ በሰኔ ወር የሚደረግ የመስክ ቀን አለ፤ ክበቦች ከከተማ ወጥተው በጄኔሬተርና በባትሪ ጣቢያ ያቆማሉ፣ ቤተሰብ ይዘው ያድራሉ። ለእኛ ሰኔ ክረምት ነው፤ በመብረቅ ወቅት በተራራ ላይ ሽቦ መዘርጋት አይመከርም። የሚስማማን ጥቅምት ነው። በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ የዓለም ስካውቶች በሬዲዮ የሚገናኙበት ጃምቦሪ ይካሄዳል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰማዩ በጠራበት ወቅት ላይ ይውላል። ከባለሥልጣኑ አስፈላጊውን ፈቃድ ቀደም ብለን ጠይቀን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ራስ ላይ ጊዜያዊ ጣቢያ ብናቆም፣ የስካውት ልጆችንና የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ብንጋብዝ፣ በአንድ ቀን የምንሠራው በዓመት ከምንሰጠው ገለጻ ይበልጣል። ለ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመታቸው 20 ሜትር ገደማ ለሆነ ድግግሞሾች፣ የሚሆን ዳይፖል አንቴና ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ የሆነ ተራ ሽቦ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ለክተው ይቁረጡት፣ በባሕር ዛፍ መካከል ይስቀሉት፣ በዚያው ሽቦ የሩቅ አገር ልጅ ድምፅ ሲመጣ ይስሙት።

በዚያው ዕለት የተሸሸገ ማሠራጫ ፍለጋ ጨዋታም ሊኖር ይችላል። አንድ አነስተኛ ማሠራጫ በዛፎች መካከል ይደበቃል፤ ቡድኖች አቅጣጫ በሚለይ የእጅ አንቴና እየተመሩ ይፈልጉታል። አንቴናው ከብረት ሜትር መለኪያና ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ የሚሠራ በመሆኑ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጨዋታው ግን ሞገድ ከግድግዳና ከገደል ላይ እየነጠረ እንዴት እንደሚያሳስት ከማንኛውም ትምህርት በተሻለ ያሳያል።

ለክረምቱ ደግሞ ከቤት የማያስወጣ ሥራ አለ፤ እኔም በጣም የምጓጓለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ኤስሃይል 2 የተባለ የኳታር ሳተላይት ሲመጥቅ ለአማተሮች የሚሆን ኪው ኦ 100 የተሰኘ ማስተላለፊያ ይዞ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ቆሞ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮችን ያገናኛል፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ደግሞ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ከሞላ ጎደል አናታችን ላይ ነው። ወደ ምድር የሚልከው በ10,489 ሜጋ ኸርትዝ አካባቢ በመሆኑ ለመስማት የሚያስፈልገው በየጣሪያችን ላይ ያለው ዓይነት ዲሽ፣ ተራ የቴሌቪዥን ኤል ኤን ቢ፣ እንዲሁም ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አነስተኛ መቀበያ ነው። ከቤታችን የተጣለ ዲሽ አምጥተን በአራትና በአምስት ቡድን ተከፋፍለን እናቁመው፤ መጀመሪያ የሰማው ቡድን ለሌላው ያሳይ።

ይህ ሁሉ ለመዝናናት ያህል የሚደረግ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 በህንድ አንዳማን ደሴቶች የሆነውን ላስታውሰው። በባራቲ ፕራሳድ የሚመራ የህንድ አማተሮች ቡድን ወደ ፖርት ብሌየር የሄደው ከዚያ ብርቅ ሥፍራ ከዓለም ጋር ለመገናኘት፣ ማለትም ልክ እኛ ስለ እንጦጦ እንደምናወራው ዓይነት ጉዞ ለማድረግ ነበር። ታኅሣሥ 17፣ ወይም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 ቀን፣ ሱናሚው መጣና የስልክ መሥመሩ ተቋረጠ። አንቴናቸው ቀድሞ የተሰቀለ፣ የእያንዳንዱ ተግባር ቀድሞ የተለየ፣ በዋናው ምድር የሚያዳምጧቸውም ወዳጆች ድምፃቸውን የሚያውቁ ስለ ነበሩ፣ ያ የመዝናኛ ጣቢያ የደሴቶቹን ወሬ ለውጭው ዓለም የሚያደርስ መሥመር ሆነ። በመከራ ሰዓት የሚያገለግለው ቡድን በመከራው ሰዓት አይሰበሰብም። ስምጥ ሸለቆ በሚያልፍበት፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍ ባልራቀው አገራችን ይህን ችላ ማለት አንችልም።

እንግዲህ ሐሳቤን በተግባር ላስቀምጥ። ስብሰባችን ቀኑ የማይለዋወጥ ይሁን፤ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከተባለ ሰው ባይጠራም ይመጣል። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ይኑረን፤ ተረኛው ቡናውን ብቻ ሳይሆን የዕለቱን አጭር ገለጻ ያዘጋጅ፣ በወሩ ውስጥ የቀረ አባልንም ደውሎ ይጠይቅ። ቴሌግራሙም ይቀጥል፤ ቀጠሮ ለማስታወስ፣ ፎቶግራፍ ለመለዋወጥና ከከተማ ውጭ ላሉ አባሎቻችን ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ርቀው በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወዳጆች የራሳቸውን ክበብ ለማቋቋም ሲነሡም፣ ከመሣሪያ ዝርዝር በፊት የመሰብሰቢያ ቀናቸውን እንዲወስኑ ከወዲሁ እመክራለሁ።

የጥቅምቱን የእንጦጦ ውሎ ለማዘጋጀት የፈቃድ ማመልከቻውን የሚጽፉ፣ ትምህርት ቤቶችን የሚያነጋግሩና አንቴናውን የሚሠሩ ሦስት ቡድኖች ያስፈልጋሉ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቡናውም እዚያው ቀርቧል። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።