ምን አደረግሽ?

እሺ፣ ገብተናል። ከጀርባ የምትሰሙት ያው ፍሪጄ ነው። አልተሠራም፣ አትጠይቁኝ።

«ጀንትልመንስ አግሪመንት»ን አየሁት። በፈረንጆቹ የ1947 ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ወንድሜ እንደ ልማዱ የተዋናዮቹ ስም ሳያልቅ አንኮራፋ።

ግሪጎሪ ፔክ ጋዜጠኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስላለው የአይሁድ ጥላቻ ሊጽፍ፣ ሳይሆን አይሁዳዊ ነኝ ብሎ ይኖራል። ሰው ሁሉ የሚያወራው የሆቴሉን ትዕይንት ነው። አይሁድ አትቀበሉም ወይ ሲላቸው፣ ሥራ አስኪያጁ አዎም አይልም፣ አይደለምም አይልም። በትህትና ብቻ ይሸኘዋል። ያናድዳል፤ ግን ቢያንስ ጥፋተኛው ፊት ለፊትህ ቆሟል።

እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ካቲ፣ ማለትም የጋዜጠኛው ፍቅረኛ፣ ዴቭን ሬስቶራንት ታገኘዋለች። ዴቭ አይሁዳዊ ነው፣ ከጦርነት የተመለሰ። ራት ግብዣ ላይ አንዱ በአይሁድ ላይ ቀለደ ትለዋለች። አፈርኩ፣ ናቅኩት፣ ሁላችንም ተናደድን። ዴቭ አይቆጣም። ምን አደረግሽ? ይላታል። እሷ የተሰማትን ትነግረዋለች። እሺ፣ ምን አልሽው? ተነስቼ ልሄድ ፈልጌ ነበር። ምን አደረግሽ ታዲያ? ድምፁን እንኳን ከፍ አያደርግም እኮ! እሷ የሆዷን ስታወራ፣ እሱ ስለ አፏ ይጠይቃል።

መልሼ አየሁት፣ እንደገናም። ግብዣው ራሱ ፊልሙ ውስጥ የለም። ካሜራው እዚያ ቤት አይገባም። እኔ ግን ሁሉንም ሳልኩት፤ ቀላጁን፣ ሳህኑ ላይ ያቀረቀሩትን፣ በግድ ፈገግ ያለችውን። ካቲ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ደግ ናት፣ የተማረች ናት፣ የጽሑፉን ሐሳብ ያመነጨችው ራሷ ናት!

ደግሞ ዴቭን የሚጫወተው ጆን ጋርፊልድ ነው። የእውነት ስሙ ጃኮብ ጋርፊንክል፣ አይሁዳዊ። ያኔ ሆሊዉድ ውስጥ እንዲህ ነበር፣ ስም ይለወጣል። ታሪክም ይለወጣል። በ1915 ጆርጂያ ውስጥ ሊዮ ፍራንክ የተባለ አይሁዳዊን ሰዎች ከእስር ቤት አውጥተው ሰቀሉት። በ1937 ከዚያ ታሪክ ተነስተው «ዘይ ዎንት ፎርጌት» የሚባለውን ፊልም ሠሩ፤ አይሁዳዊነቱን አውጥተው! ምን ቀረ ታዲያ? ከሰሜን የመጣ አንድ አስተማሪ።

ቆይ፣ ልል የነበረው ይሄን አልነበረም።

ካዛን። ዳይሬክተሩ ኤልያ ካዛን። ያንን ጥያቄ የቀረጸ ሰው፣ በ1952 ኮሚኒስት አዳኙ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሲጠራው የቀድሞ ጓዶቹን ስም ሰጠ። ጋርፊልድ በ1951 ቀርቦ ማንንም አልጠቆመም። ሥራ አጣ፣ በ1952 ልቡ ከዳውና ሞተ። 39 ዓመቱ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ!

ይሄን ካወቅሁ በኋላ ሬስቶራንቱን ሳየው ከጀርባው ያ ኮሚቴ ይመጣብኛል። ፊልሙን ያበላሸዋል? አይመስለኝም። ወይ እንጃ። በ1999 ካዛን የክብር ኦስካር ሲሰጠው፣ ግማሹ ተነስቶ አጨበጨበ፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ካቲን በመቀመጧ ታዝቤያት፣ እነዚያን በመቀመጣቸው ጎሽ አልኳቸው። ግን እኮ እነሱም ዝም ነው ያሉት... አይ፣ ይለያል። ይለያል አይደል? እነሱ ሰው እያያቸው ነው፣ ካቲ ግን... ቆይ፣ እሷንም እኮ ያ ሁሉ ሰው...