የአባዬ ባት

እሺ... እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ። የሻሸመኔውን ጉዞ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆይ። የሐሙሱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

የአባዬ ጀሶ ተፈታ። ስድስት ሳምንት ስንቆጥር የከረምነው። እኔ የጠበቅኩት ደስታ ነበር። ባለሙያው ያችን ትንሽ መጋዝ አስነሳ፣ ነጭ ብናኝ ብን አለ፣ ከዚያ ጀሶውን እንደ ኦቾሎኒ ፈልቅቆ ከፈተው። ቆዳው ደርቆ ቅርፊት ቅርፊት ሠርቷል። ባቱ ግን... ባቱ የለም። ማለቴ አለ፤ በአንድ እጄ ብጨብጠው ጣቶቼ የሚገናኙ መሰለኝ። ያን ባት እኮ ከኋላው ብስክሌት ላይ ተቀምጬ እያየሁት ነው ያደግኩት። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ፣ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር እብጥ እያለ፣ ደግሞ እየሟሸሸ።

ሁለታችንም አየነው። አባዬ ምንም ሳይናገር ጋቢውን ሳብ አድርጎ ሸፈነው። ከባለሙያው አይደለም፤ እሱማ እየነካካው ነበር። ከእኔ ነው የሸፈነው። እኔ ደግሞ ወዲያው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይኼ ነው እየተመላለሰ የሚመጣብኝ። ጋቢው፣ ከዚያ መስኮቱ። ባላዞርስ? እጄን ባቱ ላይ ባደርግስ? ወይም ማዞሬ ክብሩን መጠበቅ ነበር... አላውቅም።

እንደሚቀጥን ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ቢነገረን ቢያንስ ፊታችን እንደዚያ አይሆንም ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። አጥንት የሚያንቀሳቅሱልን ጡንቻዎች ከ600 በላይ ናቸው። ባት ብለን በአንድ ስም የምንጠራት ራሷ ሁለት ናት፤ ከላይ ባለሁለት ራሷ፣ ከሥሯ ደግሞ ጠፍጠፍ ያለችው። ታች ወርደው በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ስንራመድ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የምትገፈትረውም እሷ ናት። እግሩ ሲታሰር ይኼ ሥራ ቀረ። ሰውነት ደግሞ ሥራ የፈታ ጡንቻ አይቀልብም፤ ከሚገነባው የሚያፈርሰው ይበልጣል። ግን፣ ግን፣ ክሮቹ አብዛኞቹ አልጠፉም! ቀጠኑ እንጂ አሉ። ይኼን ሳነብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ አባዬን ልቀሰቅሰው በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ልጅ የቆሮሶ ዓሣ ቆዳ ይገፍፋል። ያ ሲበስል ንብርብር እያለ የሚለያየው ነጭ ሥጋ ጡንቻ ነው። ዕድሜ ልኬን በልቼው አንድ ቀን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ሌሎቹ ጀልባ ወደ ዳር እየሳቡ ነበር፤ የሁሉም ባት ተወጥሮ። እዚያ ብዙ አልቆየሁም።

ደግሞ ጡንቻ መሳብ ብቻ ነው የሚችለው፤ መግፋት አይችልም። በር ስትገፉ እንኳ፣ ከክንዳችሁ ጀርባ ያለው ጡንቻ ስቦ ነው ክርናችሁን የሚዘረጋው። ለዚህ ነው ጥንድ ጥንድ የሆኑት፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። መልቀቅም ቀላል አይደለም። ውስጣቸው አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ይዞ ይጎትታል። የያዘውን ለመልቀቅ ጉልበት ይፈልጋል፤ ኤቲፒ ይሉታል። ሰው ሲሞት ገላው የሚደርቀው እሱ አልቆ፣ መልቀቅ አቅቶት ነው። አያቴ ያረፈች ቀን አክስቴ እጇን ልትዘረጋ... ተዉት። ይኼን አሁን አላወራውም።

የአባዬ ልብ ግን በእነዚያ ስድስት ሳምንታት አንዴም አላረፈም። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ። እሱም ጡንቻ ነው። ጋደም ባለበት፣ ብስክሌቱ ኮሪደር ላይ አቧራ ሲጠጣ...

ባለሙያው ተረከዝዎን ከመሬት እያነሱ ያውርዱ ብሎታል። ትናንት ማታ ስገባ የበሩን ጠርዝ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በሹክሹክታ ይቆጥራል። ጋቢው ወንበሩ ላይ ነው። ቆምኩ። ዘጠኝ... አሥር... ቁልፌ ተንኳኳ መሰለኝ፣ አቆመ። ዞር ብሎ፣ «እራት በላህ?» አለኝ። በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም ነበር። አሥራ አንድ ላይ ነበር እንግዲህ፣ ወይም...