ዶሮ በግቢ፦ ቤት የሚሰራ ዕቃ እና የሚበላሽበት ቦታ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ የምናወራው ግቢያችን ውስጥ ሀያ ሰላሳ ዶሮ ለማርባት ስለሚያስፈልገው ዕቃ ነው፣ እሱንም ከሱቅ የሚገዛውን ሳይሆን ቤት ካለው ነገር የምንሰራውን። ሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባም ክልልም ግቢ ያለው ብዙ ሰው ዶሮ ጀምሯል፣ ዕቃውም በየቦታው ይሸጣል፣ ግን ያቺ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ውሃ ማጠጫ የምትሰራውን የሃይላንድ ጠርሙስም ይሰራዋል። ብቻ ቤት የተሰራ ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ ደካማ ቦታ አለው፣ ዶሮ ታመመ ሞተ ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው እዛች ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አሰራሩን ሳሳያችሁ የት ጋ እንደሚበላሽም አብሬ እነግራችኋለሁ።

[ምስል፦ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ሳህን፣ ሚስማር]

በውሃው እንጀምር። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ትይዛላችሁ፣ ከስሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ በጋለ ሚስማር ትበሱታላችሁ፣ ከዛ ሳህን ውስጥ ታቆሙታላችሁ። ሳህኑ ስትመርጡ ጠርዙ ከቀዳዳው ከፍ የሚል መሆን አለበት፣ ዝቅ ካለ ውሃው ዝም ብሎ ሜዳ ላይ ይፈሳል። ቀዳዳውን በጣታችሁ ይዛችሁ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥብቅ ታደርጉና ትለቁታላችሁ፣ ውሃው ቀዳዳው እስኪሸፈን ይወርድና ቀጥ ይላል፣ ሲጠጡለት አየር ይገባል፣ ደግሞ ትንሽ ይወርዳል፣ በቃ።

ደካማ ቦታው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ትንሽ አየር ካስገባ ወይ ጠርሙሱ የሆነ ቦታ ከተሰነጠቀ ውሃው አይቆምም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድርና ጠዋት ስትመጡ ዙሪያው ጭዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ሰው ይሄን እያየ "ምን አለበት ይደርቃል" ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን የጫጩት ዋናው ጠላት እሱ እርጥብ ጭድ ነው እላለሁ። ኮክሲዲያ የሚባለው በሽታ ከኩስ ጋር ወጥቶ ዶሮ የሚይዝ ለመሆን እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋል፣ ሁለቱን ካገኘ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከሶስት ሳምንት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉት ጫጩቶች ላይ ይበረታል፣ ላባቸው ይቆማል፣ ጥግ ይዘው ያንቀላፋሉ፣ ኩሳቸው ላይ ደም ታያላችሁ። ደም ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ የእንስሳት ሀኪም ጋ ሂዱ፣ አምፕሮሊየም የሚባል በውሃ የሚሰጥ መድሀኒት አለ፣ መጠኑን እሱ ይነግራችኋል፣ በጊዜ ከተያዘ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። መድሀኒቱን እየሰጣችሁ እርጥቡን ጭድ ካልቀየራችሁ ግን ድካም ነው፣ ተመልሶ ይመጣል።

እና ጠርሙሱን ጡብ ላይ አስቀምጡት፣ ከፍታው የዶሮዎቹ ጀርባ ልክ ይሁን፣ እያደጉ ሲሄዱ ጡብ ትጨምራላችሁ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፣ ውሃው መሬት ላይ ከሆነ ግን ካራ ሳይሆን ጭዱን ከነኩሱ አውጥታ ሳህኑ ውስጥ ነው የምትከተው። ለትንንሾቹ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑ ውስጥ ንጹህ ጠጠር ጣል ጣል አድርጉበት፣ ጫጩት በትንሽ ውሃም ቢሆን ይሰጥማል።

[ምስል፦ ካርቶን በካርቶን ውስጥ፣ መሀሉ ጭድ የተጠቀጠቀበት]

አሁን ወደ ማሞቂያው፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዛ በየሳምንቱ ሶስት ሶስት ዲግሪ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። የአዲስ አበባን የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ነው። አምፖል እንሰቅላለን ትላላችሁ፣ ጥሩ፣ ግን አሁን ሱቅ የሚሸጠው ኤልኢዲ ነው፣ ኤልኢዲ ብርሀን እንጂ የሚረባ ሙቀት የለውም፣ ጫጩቶቹ ደማቅ ብርሀን ውስጥ ሆነው በብርድ ያልቃሉ። የድሮው ባለ ክር አምፖል ወይ ለማሞቂያ ተብሎ የሚሸጠው ነው የሚሰራው። እሱም ቢሆን መብራት እስኪሄድ ነው።

ለዚህ ነው የጭድ ሳጥን የምወደው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሙቀት አንጨምርም፣ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት እንዳይወጣ እንይዘዋለን። ትልቅ ካርቶን ወይ የጣውላ ሳጥን ታዘጋጃላችሁ፣ ውስጡ ትንሽ ሳጥን ትከታላችሁ፣ በሁለቱ መሀል በአራቱም ጎን በደንብ አድርጋችሁ የደረቀ ጭድ ትጠቀጥቃላችሁ፣ ስሩም ጭድ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልታችሁ እንደ ትራስ ትከድኑታላችሁ። አንድ ትንሽ በር ትከፍቱለታላችሁ፣ ከበሩ ውጪ በሽቦ የታጠረች መፈንጫ፣ መኖና ውሃው እዛ ነው የሚሆነው፣ ሲበርዳቸው ራሳቸው ይገባሉ። አምስት ስድስት ጫጩት ብቻ ከሆነ ግን አይሰራም፣ እርስ በርስ የሚሟሟቁበት ቁጥር ያስፈልጋል፣ ሀያና ከዛ በላይ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

ደካማ ቦታው አየር ነው። ሰው ለጫጩቱ አዝኖ ይደፍነዋል፣ ላዩን ብርድ ልብስ ይጨምርበታል፣ ጠዋት ሲከፍት ታፍነው አልቀዋል። ከላይ በኩል በየጎኑ ቀዳዳ ተዉለት፣ ትራሱም ሙሉ በሙሉ አይግጠም። ስትከፍቱ እርጥብ የሆነ ሽታ ፊታችሁን ካለው ወይም ግድግዳው ላብ ካወጣ አየር አንሷል ማለት ነው።

በጣም የሚበርድ ሌሊት ከሆነ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሀል አስቀምጡላቸው፣ ለዚህ ሃይላንድ አትጠቀሙ፣ የፈላ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ትንሽ ጀሪካን ይሻላል፣ ክዳኑን አጥብቁት። ከሰል ግን እባካችሁ ዝግ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ የከሰል ጭስ እነሱንም እናንተንም ይገድላል፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

ቴርሞሜትር ግዙ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ቴርሞሜትሩ ከጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ይሁን፣ ጣራው ጋ ያለው ሙቀት አይጠቅማቸውም። ከሱ እኩል ደግሞ ጫጩቶቹን ተመልከቱ፣ አንድ ላይ ተደራርበው የሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ክንፋቸውን ከፍተው አፋቸውን ከፍተው ዳር ዳር ከሆኑ ሞቋቸዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ከሌላው ጎን ንፋስ እየገባ ነው። መደራረቡን አትናቁት፣ ከስር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ፣ ሰው ደግሞ በሽታ ይመስለውና አንቲባዮቲክ ሊገዛ ይሮጣል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ካስፈራችሁ የ45 ቀን ጫጩት ግዙ፣ ምንም ነውር የለውም፣ ሳሶም ሆነ ሌላው ዝርያ በዚህ ዕድሜ ይሸጣል፣ የሙቀቱን ጊዜ ጨርሶ ነው የሚመጣላችሁ። ምን ምን ክትባት እንደወሰደ ብቻ ጠይቁ፣ በጽሁፍ ከሰጧችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ወይ ደግሞ የታቀፈች የሀበሻ ዶሮ ፈልጉ፣ በአመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው የምትሰጠው እየተባለች ትናቃለች፣ ግን አስር አስራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ 21 ቀን ትቀመጣለች፣ ትፈለፍላለች፣ ታሞቃለች፣ ታስተምራለች፣ መብራት ሄደ አልሄደ አያገባትም።

መኖ መስጫውን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ ነገር የለውም። ጀሪካን በጎኑ ቁረጡ፣ ስለታሙን ጠርዝ በሻማ እሳት አለስልሱት፣ ከአንድ ሶስተኛው በላይ አትሙሉት። ከሞላችሁት በመንቆራቸው ወደ ውጪ ይጠርጉታል፣ በዛሬ የመኖ ዋጋ ደግሞ መሬት ላይ የሚፈሰው ትርፋችሁ ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፣ መዝናችሁ ከሰጣችሁ የት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።

[ምስል፦ የዶሮ ቤት በር፣ ከስር ያለው ክፍተት]

ቤቱ ጋ ስንመጣ፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስት ስድስት ዶሮ በላይ አታጉሩ፣ ሲጨናነቁ መነካከስ ይጀምራሉ፣ አንዴ ደም ካዩ ደግሞ አይተዉም። የተነከሰችውን ቶሎ ለዩአት። ቆጥ ስሩላቸው፣ እንቁላል መጣያው ደግሞ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ይሁን፣ ብርሀን የበዛበት ሲሆን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየም ስትሰጡም አድርቃችሁ በደንብ ፈጭታችሁ ይሁን፣ ቅርጹን እንዳያውቁት።

ሸለምጥማጥን በተመለከተ ደግሞ ይሄ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ቀጭኑ ዶሮ ከመውጣት ይከለክላል እንጂ ሸለምጥማጥ ከመግባት አይከለክልም። ከስር በኩል ጠንካራ ሽቦ አድርጉ፣ ግርጌው ላይ ወደ ውጪ አጥፋችሁ 30 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ላይ ዘርጉትና ድንጋይ ጫኑበት፣ የሚቆፍር ሁሉ የሚቆፍረው ግድግዳው ስር ነው፣ ሽቦው ላይ ያቆማል። በሩ ላይ ገመድ ሳይሆን መቀርቀሪያ አድርጉ። በቀን ለጭልፊት ደግሞ ላዩን መረብ።

የመጨረሻው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው፣ እዚህ ላይ ቤት የሚሰራ ነገር የለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ ሚጥሚጣ የሚሰጥ አለ፣ የሰው ቴትራሳይክሊን በጥብጦ የሚሰጥም አለ፣ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ከያዘ በኋላ መድሀኒት የለውም። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት፣ አንገት መጠምዘዝ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ። ሳይዝ የሚከላከለው ክትባቱ ነው፣ እሱም ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በወረዳችሁ ግብርና ጽህፈት ቤት ወይ በእንስሳት መድሀኒት ቤት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ኤችቢ ዋን የሚባለው በመጀመሪያው ሳምንት በአይን ጠብታ፣ ላሶታ ደግሞ ከሶስት አራት ሳምንት በኋላ በውሃ ይሰጣል፣ ከዛ በኋላ በየስንት ጊዜ እንደሚደገም ሀኪሙ ያወጣላችኋል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ በአንድ ቀን ስጡ፣ ሰፈሩም አብሮ ይጠበቃል።

ሰው የሚያበላሸው አሰጣጡን ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፣ በረዶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ታክሲ ተሰልፋችሁ የመጣ ክትባት ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ይገድለዋል፣ ስለዚህ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት በሊትር 2.5 ግራም ገደማ ቀድማችሁ በጥብጡበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰአት ውሃ ከልክሏቸው፣ ከዛ በሁለት ሰአት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። የታመመ መንጋ አይከተብም።

ለበዓል ከገበያ ያመጣችሁትን ዶሮም ቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ለገና ለፋሲካ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ዶሮ ነው፣ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። የሚታረድ ከሆነ ለብቻው እሰሩት፣ የሚቆይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፣ የሱን ውሃ የነካ እጅና ጫማ ሳይታጠብ ወደ ሌሎቹ አይሂድ።

ፈንግል ገብቶ ከጨረሰባችሁ ደግሞ፣ ያጋጥማል፣ የሞቱትን ለውሻ አትስጡ ሜዳም አትጣሉ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ለሌላው ሰው ግቢ በሽታ መላክ ነው። ጭዱን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ካርቶኑንም አብራችሁ፣ ቤት የሰራነው ዕቃ ጥሩነቱ ይሄ ነው ሲቃጠል አያንገበግብም። ጣውላውንና ጀሪካኑን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ ከዛ በበረኪና፣ ቆሻሻው ላይ በረኪና ብቻ ብታፈሱ አይሰራም። ፀሀይ ላይ አስጡት፣ ቤቱ ቢያንስ ወር ያህል ባዶ ይቀመጥ፣ አዲሶቹን ከማምጣታችሁ በፊት የክትባቱን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ የመኖ ቅልቅል ነው፣ በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ካላችሁ ሚዛን አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።